ኤክስቴንሽኑ በተርሚናል እየታየ በብራውዘር የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ሰላም ለጠያቂያችንና ለቡድናችን አባላት።

ጥያቄውን አሁን ለሚያነቡ በአጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂያችን በዊንዶውስ ላይ ዛምፕን (አፓቺ የተባለውን ዌብ ሰርቨር፣ ፒኤችፒንና ዳታቤዝን አንድ ላይ የሚጭነውን ጥቅል) ጭነው የላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ፕሮጀክት እየሠሩ ሳለ ለቁጥርና ለቀን አጻጻፍ ኢንትል የተባለው የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ክፍል) አስፈለጋቸው። ፒኤችፒ.አይኤንአይ በተባለው የፒኤችፒ ኮንፊገሬሽን (ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ከኤክስቴንሽኑ መስመር ፊት ሆኖ መስመሩን ያሰናክል የነበረውን ሴሚኮለን አጥፍተው አፓቺን ሪስታርት አደረጉ። ከዚያ በኋላ በተርሚናል ሲያዩት ኤክስቴንሽኑ ከተጫኑት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ በብራውዘር ሲከፍቱ ግን ገጹ ነምበርፎርማተር የተባለው የኢንትል ክላስ አልተገኘም ይላቸዋል። በአፓቺ የኤረር ሎግ ውስጥም ዳይናሚክ ላይብረሪውን መጫን እንዳልተቻለና የተጠቀሰው ሞጁል እንዳልተገኘ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሰፍሯል። እስካሁን ከተሰጡት መልሶች አብዛኞቹ ዛምፕን አጥፍተው እንደገና እንዲጭኑ ይመክራሉ።

በዚህ ምክር አልስማማም። ዛምፕ ሲጠፋ በውስጡ ያለው የማይኤስኪውኤል ዳታ ፎልደርም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ዳታቤዛቸውን ቀድመው ኤክስፖርት ያላደረጉ ሰዎች ከችግሩ የባሰ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ከዚህም ሌላ አዲሱ ዛምፕ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ችግሩ እንደነበረ ተመልሶ ይመጣል። በፒኤችፒ ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሌሎችን ባገዝኩበት ጊዜ ሁሉ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነው፤ ኤክስቴንሽን አልነሳ ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ጻፍኩ?» ሳይሆን «የጻፍኩትን የሚያነበው የትኛው ፕሮግራም ነው?» የሚለው ነው። (ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው በላቲን ፊደል መሆኑን ያስታውሱ።)

በተርሚናል «ፒኤችፒ -ኤም» ብለን ስንጠይቅ የሚመልስልን በፒኤችፒ ፎልደር ውስጥ ያለው ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ገጹን በብራውዘር ስንከፍት ግን ፒኤችፒ የሚሠራው በአፓቺ ሆድ ውስጥ እንደ አንድ ሞጁል ሆኖ ነው፤ ዊንዶውስ የሚያውቀው የሚሠራ ፕሮግራምም አፓቺ እንጂ ፒኤችፒ አይደለም። ሁለቱ አንድ ዓይነት የኮንፊገሬሽን ፋይል ቢያነቡ እንኳ የሚነሱበት ፎልደር የተለያየ ነው፤ የጠያቂያችንም ችግር የመጣው ከዚህ ልዩነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። የኢንትል ኤክስቴንሽን ብቻውን የሚቆም ፋይል አይደለም። የቋንቋዎችንና የአገሮችን የቁጥር፣ የቀንና የፊደል ቅደም ተከተል ደንብ የሚያውቀው አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ ነው፤ ኢንትል በእርሱ ላይ የተሠራ በር ነው። የአይሲዩ ፋይሎች በዊንዶውስ ላይ ስማቸው በ«አይሲዩ» ጀምሮ በቁጥርና በዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይሎች መለያ) የሚያልቁ ሲሆኑ፣ የሚገኙትም ኤክስቴንሽኖቹ ባሉበት «ኤክስት» ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በዋናው የፒኤችፒ ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ አንድ ዲኤልኤል ሌላ ዲኤልኤል ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያየው ዋናው ፕሮግራም ያለበትን ፎልደር፣ ቀጥሎ የሲስተም ፎልደሮችን፣ በመጨረሻም በፓዝ (ዊንዶውስ ፋይል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ነው። በተርሚናል ሲሆን ዋናው ፕሮግራም ከአይሲዩ ፋይሎች ጋር በአንድ ፎልደር ስለሚኖር ወዲያው ያገኛቸዋል። በአፓቺ በኩል ሲሆን ግን ፍለጋው የሚጀምረው ከአፓቺ የቢን ፎልደር ነው፤ እዚያ አይሲዩ የለም፤ የፒኤችፒ ፎልደርም በፓዝ ውስጥ ካልተመዘገበ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ስለዚህ በሎጉ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ብዙዎችን ያሳስታል። መልእክቱ የሚጠቅሰው የኢንትልን ፋይል ስም ስለሆነ አንባቢው ያ ፋይል የጠፋ ይመስለዋል፤ ሄዶ ሲያይ ፋይሉ በቦታው አለ፤ ግራ ይጋባል። የጠፋው ግን ያ ፋይል የሚፈልገው ሌላ ፋይል ነው። ፋይሉ በቦታው እያለ ዊንዶውስ «አልተገኘም» ካለዎት ሁልጊዜ ያ ፋይል የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፋይሎች ጠርጥሩ። ከርል የተባለው፣ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚያገናኘው ኤክስቴንሽንም እንዲሁ ነው፤ እርሱም የኦፕንኤስኤስኤልን፣ የኤንጂኤችቲቲፒ2ንና የሊብኤስኤስኤች2ን ፋይሎች ይፈልጋል።

መፍትሔው የፒኤችፒን ፎልደር፣ በዛምፕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ሲ:\ዛምፕ\ፒኤችፒ» የሚባለውን፣ በዊንዶውስ የሲስተም ፓዝ ውስጥ ማስገባት ነው። የተጠቃሚውን ሳይሆን የሲስተሙን ፓዝ ያልኩት፣ አፓቺ እንደ ሰርቪስ (ዊንዶውስ ራሱ ከጀርባ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ተጭኖ ከሆነ የሚሠራው በእርስዎ አካውንት ሳይሆን በሲስተሙ አካውንት ስለሆነ የእርስዎን የግል ፓዝ ስለማያየው ነው። ይህን ካደረጉ በኋላ አፓቺን ብቻ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። አንድ ፕሮግራም ፓዝን የሚወርሰው ካስነሳው ፕሮግራም ነው፤ አፓቺን የሚያስነሳው ደግሞ የዛምፕ ኮንትሮል ፓነል ነው፤ ፓነሉ ከለውጡ በፊት የተከፈተ ከሆነ ለአፓቺ የሚያወርሰው አሮጌውን ፓዝ ነው። የፓነሉን ኤክስ ምልክት መጫን መስኮቱን ወደ ታች ይሰውረዋል እንጂ አይዘጋውም፤ ስለዚህ ኩዊት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው በእርግጥ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። አፓቺ ሰርቪስ ከሆነ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው።

የአይሲዩን ፋይሎች ወደ አፓቺ የቢን ፎልደር መቅዳትም ይሠራል፤ በቡድኑም አንድ አባል ይህን ጠቁመዋል። ሆኖም ፒኤችፒን ወደ አዲስ ቨርዥን ሲያሳድጉ አዲሱ ኢንትል ሌላ ቁጥር ያላቸውን የአይሲዩ ፋይሎች ስለሚጠይቅ ችግሩ በሌላ ቀን ይመለሳል፤ የተቀዱት አሮጌ ፋይሎችም በማይገባቸው ቦታ ተረስተው ይቀራሉ። በተለይ የኦፕንኤስኤስኤልን ፋይሎች በአፓቺ ፎልደር ላይ ደርቦ መቅዳት አፓቺ ራሱ የሚጠቀምባቸውን ሊያበላሽ ስለሚችል ፈጽሞ አልመክርም።

ይህ ካልፈታው ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጥርጣሬ እንሂድ፤ ይኸውም ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚያነቡት የኮንፊገሬሽን ፋይል የተለያየ ሊሆን መቻሉ ነው። በተርሚናል «ፒኤችፒ --አይኤንአይ» የሚለው ትእዛዝ የትኛው ፋይል እንደተነበበ ይናገራል። በብራውዘር በኩል ደግሞ የፒኤችፒኢንፎ ፋንክሽንን ብቻ የሚጠራ ትንሽ ገጽ ሠርተው «ሎድድ ኮንፊገሬሽን ፋይል» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ሁለቱ አድራሻዎች ከተለያዩ እስካሁን ያስተካከሉት አንዱን ብቻ ነው ማለት ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ከዛምፕ ሌላ ዋምፕ (ተመሳሳይ ጥቅል) ወይም ለብቻው የተጫነ ፒኤችፒ ካለ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ዋምፕ ራሱ ለአፓቺና ለተርሚናል የተለያየ ፋይል ይጠቀማል። መስመሩ ባዶ ከሆነ ወይም «የለም» ካለ ፒኤችፒ ምንም ፋይል አላነበበም፤ ከኦፊሴላዊው ዚፕ የወረደ ፒኤችፒ ዴቨሎፕመንትና ፕሮዳክሽን የሚባሉ ሁለት ናሙናዎችን ይዞ ይመጣል እንጂ ዝግጁ ፋይል ስለሌለው አንዱን ቀድተው ስሙን መለወጥ የእርስዎ ሥራ ነው። በዚያው ፋይል ውስጥ «ኤክስቴንሽን_ዲር» የሚለው መስመርም ወደ ትክክለኛው የኤክስት ፎልደር ማመልከት አለበት፤ ሙሉ አድራሻውን መጻፍ ከአጭሩ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

በዚያው የፒኤችፒኢንፎ ገጽ ላይ «ፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ቢልድ» የሚል መስመር አለ፤ ለምሳሌ በፒኤችፒ 8.3 ላይ የኤፒአይ ቁጥሩን 20230831፣ ቀጥሎ ቲኤስ (ለብዙ ትሬዶች የተዘጋጀ) ወይም ኤንቲኤስ (ያልተዘጋጀ)፣ ቀጥሎም የተሠራበትን ኮምፓይለር የሚናገረውን ቪኤስ16 ያሳያል። ከፒኤችፒ ጋር ያልመጣ፣ ከሌላ ቦታ ያወረዱት ኤክስቴንሽን፣ ለምሳሌ ኤክስዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ወይም ሬዲስ (ከሬዲስ ዳታቤዝ ጋር ማገናኛ)፣ በእነዚህ ሁሉ ከእርስዎ ፒኤችፒ ጋር መግጠም አለበት፤ 64 ቢትና 32 ቢት መሆኑም እንዲሁ። በአፓቺ ሞጁልነት የሚሠራው የዛምፕ ፒኤችፒ ቲኤስ ስለሆነ ኤንቲኤስ የሚል ፋይል ማውረድ ድካም ብቻ ነው። ኤክስዲበግና (እስከ ፒኤችፒ 8.4 ድረስ) ኮድን የሚያፈጥነው ኦፕካሽ ደግሞ ከፒኤችፒ የውስጥ ሞተር ጋር በቀጥታ የሚያያዙ የዜንድ ኤክስቴንሽን ስለሆኑ መስመራቸው የሚጀምረው «ዜንድ_ኤክስቴንሽን» በሚለው ነው፤ በተራው «ኤክስቴንሽን» አይነሱም።

ከድሮ መማሪያ ቪዲዮዎች ለሚቀዱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከፒኤችፒ 7.2 ጀምሮ በመስመሩ ላይ የኤክስቴንሽኑን ስም ብቻ መጻፍ ይበቃል፤ የፋይሉን ሙሉ ስም ከነዲኤልኤሉ መጻፍ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ላይ ጂዲ2 ይባል የነበረው የምስል ኤክስቴንሽን ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ጂዲ ብቻ ሆኗል፤ በአሮጌው ስም ከተጻፈ አይነሳም። የድሮው ማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን ከ7.0፣ የምስጠራው ኤምክሪፕት ከ7.2 ጀምሮ ከፒኤችፒ ወጥተዋል፤ ጄሰን ከ8.0 ወዲህ ሁልጊዜ በውስጡ ስላለ መስመር አይፈልግም።

ሊኑክስ ለሚጠቀሙ አባላት ነገሩ አጭር ነው። በኡቡንቱ ላይ ሴሚኮለን ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ «ፒኤችፒ8.3-ኢንትል» የሚለውን ፓኬጅ በአፕት ሲጭኑ ፓኬጁ ራሱ ለተርሚናልም ለሰርቨሩም መስመሩን ያስገባል። በዚህ ላይ በእጅ ሁለተኛ መስመር ከጨመሩ ሞጁሉ አስቀድሞ ተጭኗል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ኤንጂንኤክስን (ሌላ ዌብ ሰርቨር) ከኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለብቻው የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጋር የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሪስታርት መደረግ ያለበት ኤፍፒኤም ነው፤ ኤንጂንኤክስን ደጋግሞ ማስነሳት በፒኤችፒ ላይ ምንም አይለውጥም።

ስለ ኮምፖዘርም (የፒኤችፒ ፓኬጆች መጫኛ) አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልፈልግም። ኮምፖዘር ኤክስቴንሽን ጎድሏል ብሎ ሲከለክል «ኢግኖር ፕላትፎርም» የሚለውን አማራጭ ጨምረው እንዲያልፉት የሚመክሩ መልሶች በየቦታው ይገኛሉ። ይህ ክልከላውን ያነሳል እንጂ ኤክስቴንሽኑን አያመጣም፤ ስህተቱ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ መታየቱ ቀርቶ ተጠቃሚ በከፈተው ገጽ ላይ ይወጣል። ኮምፖዘር የሚያየውም በተርሚናል ያለውን ፒኤችፒ ስለሆነ እርሱ ፈቀደ ማለት አፓቺ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም።

ከማስተካከልዎ በኋላ ለመፈተሽ ክላሱ መኖሩን ብቻ አይመልከቱ። አንዳንድ ፓኬጆች ፖሊፊል የሚባል፣ በፒኤችፒ ብቻ የተጻፈ ምትክ ይዘው ይመጣሉ፤ የሲምፎኒ (ሌላ የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) የአይሲዩ ፖሊፊል ለምሳሌ ነምበርፎርማተር የተባለ ክላስ ቢያቀርብም የሚያውቀው የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ብቻ ስለሆነ በአማርኛ ሲጠይቁት ስህተት ይወረውራል። በብራውዘር በሚከፈት ገጽ ውስጥ «ኤክስቴንሽን_ሎድድ» የሚለውን ፋንክሽን በኢንትል ስም ቢጠሩት እውነተኛውን መልስ ያገኛሉ። ችግሩ የአፓቺ መሆኑን ወዲያው ለማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ ያንኑ ፕሮጀክት በ«ፒኤችፒ አርቲዛን ሰርቭ» አስነስተው ይክፈቱት፤ ይህ ትንሽ ሰርቨር የተርሚናሉን ፒኤችፒ ስለሚጠቀም በእርሱ ሠርቶ በአፓቺ ካልሠራ ከላይ ያልኩት የፓዝ ወይም የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ፓዙን አስተካክለው ፓነሉን ዘግተው ከከፈቱ በኋላም ካልሠራ፣ እባክዎ አራት ነገሮችን እዚህ ይለጥፉልን፤ በተርሚናልና በብራውዘር የተነበበውን የአይኤንአይ ፋይል አድራሻ፣ የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ቢልድን መስመር፣ በፒኤችፒ ፎልደር ውስጥ ያሉትን የአይሲዩ ፋይሎች ስም፣ እንዲሁም አፓቺ ከተነሳ በኋላ በኤረር ሎጉ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ሳያሳጥሩ ሙሉውን።