ቀብር ላይ የምትሰብኩ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ለእናንተ። ደሴና ዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ለብዙ ዓመት ቀብር ላይ ወንጌል ሰብኬያለሁ። አዳዲስ ሰባክያን ለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እነሆ።

መምህር፣ ስንት ደቂቃ ልናገር?

አሥር ይበቃል። ሰዉ ሲያለቅስ አድሮ፣ ፍትሐቱንም ቆሞ ጨርሶ ነው አንተን የሚሰማህ።

ሟቿን በሕይወት አላውቃቸውም። ምን ልበል?

ቀድመህ ለቅሶ ቤት ግባና ጠይቅ። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም። «ደግ ነበሩ» ለሁሉም ይባላል፣ ስለዚህ ማንንም አያጽናናም። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ የሰፋችላቸውን ቀሚስ እያሳዩ ነው ያለቀሱት። አንተም ቀሚሱን ፈልግ። አንዴ የአንዲት እናት ጎረቤት «ጀበናዋን ሳትጥድ በፊት በሬን ታንኳኳ ነበር፣ አድሬ እንደሆነ ልታይ» አለችኝ፤ ቀብሩ ላይ ይህንኑ ስናገር ሰዉ ሁሉ ወደዚያች ጎረቤት ዞረ።

ስሙንም አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በክርስትና ስም ብቻ ጠርቼ ሰበክሁ። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን «ማን ናት የሞተችው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት አብረዋት የኖሩ ሰው ናቸው። ጸሎቱ በክርስትና ስም ይሁን፣ ስትሰብክ ግን ሰፈሩ የሚጠራትን ስም ጥራ።

ግማሹ ለቀስተኛ ሙስሊም ነው። እንዴት ላድርግ?

ወሎ ነው ያለኸው ወንድሜ። ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ አንድ ነው። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ፣ አስከሬኑን ማን እንደተሸከመ ዞር ብለህ እይ። ትንሣኤን ሳትሸፋፍን ስበክ፣ እነሱም አንተ ክርስቲያን መሆንህን ያውቃሉ። የሰው እምነት ግን አትንካ፤ ግእዝ ከጠቀስክም ተርጉመው። ደግሞ «እንግዶቻችን» አትበላቸው። የሐዘኑ ባለቤቶች ናቸው።

ልጁ ጠጪ ነበር፣ ቤተሰቡን አስቸግሮ ነው የሞተው። ሰው ሁሉ ያውቃል። ላሞግሰው?

አትዋሽ። ሙት ወቃሽም አትሁን። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ቀብር ላይ ወደ ጓደኞቹ ዞሬ «ይህ ለእናንተ ትምህርት ነው» አልኩ። እናቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘችና ማልቀሷን አቆመች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለአርባው ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ተናገር፣ እሷ ስለ ልጇ የነገረችህን አንድ መልካም ነገር ተናገር፣ ፍርዱን ለፈራጁ ተው።

በመኪና አደጋ ሲሆንስ? ሰው «ምን በድሎ ይሆን?» ይላል።

ሉቃስ 13ን አንብብላቸው። የሰሊሆም ግንብ 18 ሰው ሲገድል፣ ጌታ ከሌላው የባሰ በደለኞች ነበሩ ማለትን እምቢ ብሏል።

«አታልቅሱ» ልበል?

በፍጹም። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ጌታ ራሱ አልቅሷል፣ ዮሐንስ 11፥35። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ አለ እንጂ አትዘኑ አላለም። ደረት የምትደቃ፣ ፊቷን የምትነጭ ካለች ግን በቁጣ ሳይሆን ቀርበህ እጇን ያዝ። «አብሽሪ እናቴ» በላት።

ሕፃን ሲሞት ምን ይባላል?

ጥቂት። «እግዚአብሔር ወዶት ወሰደው» አትበል፣ እናትየው እኔ አልወደድኩትም ወይ ትላለች። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ያበላሹት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ከስብከቱ በኋላስ?

ወደ ድንኳኑ ሂድ። ንፍሮውን ቅመስ፣ ቶሎ አትነሣ። ለሣልስቱም ተመለስ። ያኔ ነው ሰው የሚያወራህ።