ሲዝኑ ቀላል ነው ስለተባለ የጎርፍ ኢንሹራንስ ልተወው ወይ ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ቴክሳስ ሊግ ሲቲ ቤት እየገዛሽ ነው፣ ክሎዚንግሽ (የግዢው መፈራረሚያ) በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ የሃሪኬን (ከባህር የሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ) ሲዝኑ ቀለል ያለ ነው ሲሉ ሰምተሻል፣ ቤቱ ደሞ ዞን ኤክስ (የጎርፍ ካርታው ላይ ስጋቱ ዝቅተኛ የተባለ ቦታ) ስለሆነ የጎርፍ ኢንሹራንሱን ልተወው ወይ ነው ያልሽው። በፍጹም እንዳትተዪው። እኔ ዲኪንሰን ነበርኩ፣ ካንቺ ሰፈር የአስር ደቂቃ መንገድ ነው፣ የኔም ቤት ዞን ኤክስ ነበር፣ ልክ እንዳንቺው ነው ያሰብኩት።

1. የአየር ትንበያ ሰዎቹ ሜይ ላይ የሚያወጡት ኦገስት ላይ ደሞ የሚያድሱት የሲዝን ትንበያ ስላንቺ ቤት አይደለም የሚያወራው። አትላንቲክን፣ ካሪቢያንን፣ የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤን አንድ ላይ ጠቅልሎ ስም የሚወጣለት ስቶርም (አውሎ ነፋስ) ስንት ሊፈጠር ይችላል ነው የሚለው። የት እንደሚመታ አይናገርም፣ ራሳቸውም ይሄንን እዛው ላይ ይጽፉታል፣ ግን ማን ያነባል። 1983 ላይ ዓመቱን ሙሉ ስም የወጣላቸው 4 ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዋ አሊሺያ ኦገስት 18 ካቴጎሪ 3 (ከ1 እስከ 5 ባለው የሃሪኬን ደረጃ) ሆና ከባህር ወደ መሬት የወጣችው እዚሁ ጋልቨስተን ላይ ነው። ሲዝኑ ቀላል ነበር፣ ለኛ ሰፈር ግን አልነበረም።

2. ካቴጎሪ የሚሉት ቁጥር የሚለካው ንፋስ ብቻ ነው። ዝናብ አይለካም፣ ተገፍቶ የሚወጣውን የባህር ውሃም አይለካም። አይክ የተባለው ሃሪኬን 2008 ላይ ከእንቁጣጣሽ በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ካቴጎሪ 2 ነበር፣ ጋልቨስተን አጠገብ ያለው ቦሊቫር ላይ ግን ባህሩ ስንትና ስንት ቤት ከነመሠረቱ ጠርጎ ሄደ። እኔ ይሄ የገባኝ ውሃው ሳሎኔ ውስጥ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ቤቱን የገዛሁት 2016 ነው፣ የኢንሹራንስ ኤጀንቱ ዞን ኤክስ ነህ ገንዘብህን አታባክን አለኝ፣ እኔም አመንኩት። በዓመቱ ሃርቪ የሚባል ሃሪኬን እየመጣ ነው ሲባል ረቡዕ ኦገስት 23 ደወልኩለት፣ የጎርፉን አሁን አስገባልኝ አልኩት፣ ካርዴን ተቀብሎ ገንዘቡን ቆረጠና ተመዝግበሃል አለኝ። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው የሚለውን አንድ ቃል አልተነፈሰም። አርብ ማታ ሃርቪ ካቴጎሪ 4 ሆኖ ሮክፖርት ጋ ወጣ፣ ከኛ ሩቅ ነው። ቅዳሜ ቲቪው ተዳክሞ ትሮፒካል ስቶርም (ከሃሪኬን በታች) ሆኗል ሲል እኔና ባለቤቴ ተመስገን ብለን ተኛን። ያቺን እንቅልፍ መቼም አልረሳትም። የተዳከመው ንፋሱ ነው እንጂ ዝናቡማ ገና መጀመሩ ነበር፣ ስቶርሙ መሄድ አቅቶት እላያችን ላይ ቆመ። እዚሁ ቴክሳስ ኔደርላንድ የሚባለው ከተማ ላይ ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ነው የተለካው፣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። እሁድ ሊነጋጋ ሲል ልጄ አባዬ ምንጣፉ ረጥቧል ብላ ቀሰቀሰችኝ። በሰው ጀልባ ነው የወጣነው፣ የሠርጋችን አልበም፣ የባለቤቴ እናት ከአገር ይዘውላት የመጡት ቀሚስ፣ ሁሉም እዛው ቀረ።

ውሃው ሲጎድል ኤጀንቱ ቢሮ ሄድኩ፣ ጫማዬ ጭቃ ነበር፣ እንግዳ ተቀባይዋ ምንጣፉን እንዳታበላሽ ብላ በር ላይ አቆመችኝ። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው! ኤጀንቱ ደሞ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ፖሊሲው ላይ ተጽፏል፣ አለማንበብህ የራስህ ጉዳይ ነው አለኝ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስስ ስለው ጣሪያ ተከፍቶ የገባ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ይከፈል ነበር፣ ከመሬት የተነሳ ውሃ ግን አይሸፈንም አለ። ከኪሴ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ፣ ግድግዳውን ከወንድሜ ጋር በእጃችን ነው ያፈረስነው። ሁለት መኪናም ነበረን፣ ሁለቱም ሊያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ፣ ስለዚህ ሁለቱም ባዶ። የራስን መኪና ከጎርፍና ከመሳሰለው የሚሸፍነው ኮምፕሬሄንሲቭ ቢኖራቸው ጎርፉን ይከፍል ነበር።

ስለዚህ እህቴ ይሄንን በደንብ ስሚኝ፣ ለኔ ማንም ያልነገረኝ ይሄንን ነው። የጎርፉን ኢንሹራንስ ከብድሩ ጋር በክሎዚንግ ከወሰድሽው 30 ቀን የሚባል መጠበቅ የለም፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ይሠራል። ካለፈ ግን እንደኔ ነሽ። ዛሬውኑ ለሎን ኦፊሰርሽ (ብድርሽን ለያዘው ሰው) ደውዪ። ዞን ኤክስ ማለት ባንኩ አያስገድድሽም ማለት ነው እንጂ ውሃ አይገባብሽም ማለት አይደለም፣ በሃርቪ ጊዜ ሂውስተን ባለችበት ሃሪስ ካውንቲ ውስጥ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች ከግማሽ በላዩ አደገኛ ከተባለው ካርታ ውጪ ነበሩ። የፌዴራሉ ለቤቱ እስከ 250,000 ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል፣ የዕቃው ለብቻው ነው፣ ካልጠየቅሽ አያስገቡልሽም። ደሞ ጋልቨስተን ካውንቲ ስለሆንሽ የቤት ኢንሹራንስሽ ንፋስን አውጥቶት እንደሆነ እዪ፣ ብዙዎቹ ያወጡታል፣ ዊንድስቶርም (የንፋስ ኢንሹራንስ) ለብቻው ይገዛል።

3. ሲዝኑ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚብሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚጮሁትን ተያቸውና ናሽናል ሃሪኬን ሴንተርን እዪ፣ ስቶርም ሲኖር በቀን አራት ጊዜ አዲስ መረጃ ያወጣሉ፣ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 10፣ ማታ 4፣ ሌሊት 10 ነው። ካርታው ላይ ያለው ነጭ ኮን (እየሰፋ የሚሄደው ቅርጽ) የስቶርሙ መሀል የት ሊሄድ እንደሚችል ነው የሚያሳየው እንጂ ጉዳቱ የሚያርፍበትን አይደለም፣ መሀሉም ቢሆን ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ከኮኑ ይወጣል። ከኮን ውጪ ነኝ ብለሽ እንዳትተኚ።

ቤሪል የተባለችው ሃሪኬን 2024 ላይ ስትመጣ መጀመሪያ መስመሯ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ነበር። የኢድራችን ሰዎች ለጁላይ 4 ባህር ዳር ሄደው እኔ ውሃ ስሞላ፣ ጀነሬተር ስሞክር፣ መኪናዬን ፎቅ ፓርኪንግ ላይ ሳወጣ አንተ ከሃርቪ ወዲህ ታበዛዋለህ ይሉኝ ነበር። ቅዳሜና እሁድ መስመሩ ወደ እኛ ዞረ፣ ሰኞ ጁላይ 8 ማታጎርዳ ጋ ወጣች፣ ካቴጎሪ 1 ብቻ፣ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፋበት፣ ያውም በዛ ሙቀት። እኛ ሰፈር ስድስት ቀን ነው የጠፋው። ቤቴ ውስጥ 14 ሰው ተኝቷል፣ የአንድ እናት የስኳር መድኃኒት ፍሪጄ ውስጥ ነበር፣ ምንም አልሆነም። በዛ እኮራለሁ። ጀነሬተሩን ግን ውጪ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ጫማ አርቀሽ ነው የምታቆሚው፣ ጋራዥ ውስጥ በሩ ክፍት ቢሆንም አይሆንም፣ ጭሱ ተኝተሽ ይገድልሻል።

4. ዚፕ ኮድሽ የትኛው የመልቀቂያ ዞን ውስጥ እንደሆነ የካውንቲው ካርታ ላይ ከአሁኑ እዪ፣ ልቀቁ ሲባል አይደለም የሚታየው።

ኤጀንትሽ አያስፈልግሽም ካለሽ በጽሑፍ ስጠኝ በዪው። እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አፉን ሞልቶ አይናገርም ነበር። ክሎዚንጉ ላይ የሚሰጡሽ ወረቀት ላይ የሚጀምርበትን ቀን እዪ፣ የክሎዚንግሽ ቀን ካልሆነ አትፈርሚ፣ ግራ ካጋባሽ ቀኑ ያለበትን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስተሽ ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።