ካዝናው በማን እጅ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ውጭ ዕርዳታና ስለ በጀት ስጽፍ ፍልስጤምን በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ናት ጣጣ ያመጣችው። ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከባቲ፣ ከደሴና ከሐርቡ ጥያቄ ጎረፈ። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ ሙሉውን ለእሱ ሰጥቸዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ "የኛ ነው የነሱ?" እያላችሁ እንዳትቸገሩ።

ጥያቄ፦ የፍልስጤም መንግሥት ለመምህራንና ለሐኪሞች ግማሽ ደመወዝ ከፈለ የሚል ዜና ደጋግሜ እሰማለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገሩ አልገባኝም። መንግሥት ግብር ይሰበስባል። ሰብስቦ ደመወዝ እንዴት ያቅተዋል? በሉት ወይስ ሌላ ነገር አለ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለደረቅ ወደቡ ቅርብ ስለሆንክ በእሱ ላስረዳህ። ጂቡቲ የወረደ ኮንቴይነር ኮምቦልቻ ሲደርስ ቀረጡን የሚቀበለው የኛው ጉምሩክ ነው። አሁን እንዲህ ብለህ አስብ። ቀረጡንም ቫቱንም እዚያው ወደቡ ላይ የጂቡቲ መንግሥት ይቀበላል። ለድካሙ 3 በመቶ ይቆርጣል። የቀረውን በየወሩ ለአዲስ አበባ ይልካል። የተናደደ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይልክም። የፍልስጤም አስተዳደር፣ አንተ መንግሥት ያልከው ማለት ነው፣ በጀቱ በግርድፉ ይሄ ነው።

ውሉ በእስራኤልና በፍልስጤሞች መካከል የተፈረመው ሚያዝያ 1994 ፓሪስ ላይ ነው፤ የፓሪስ ፕሮቶኮል ይሉታል። የፍልስጤም ዕቃ የሚገባው በአሽዶድና በሃይፋ ወደቦች፣ ወይም እስራኤል በምትቆጣጠረው ድንበር ነው። ቀረጡን እስራኤል ትሰበስባለች፤ ከዚያ በወሩ ሒሳብ ተሠርቶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ለሆነችው ለራማላ ይተላለፋል። እነሱ በዓረብኛ "መቃሳ" ይሉታል፣ ማቻቻል እንደማለት ነው። ትንሽ ገንዘብ እንዳይመስልህ፤ ከአስተዳደሩ ገቢ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። ቀሪውን አንድ ሦስተኛ ነው ራሱ የሚሰበስበው።

ታዲያ ይሄ ገንዘብ ስንቴ ተይዟል መሰለህ? ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ሲነሳ፣ ከ2000 መጨረሻ እስከ 2002 መጨረሻ ገደማ ተያዘ። በ2006 ሐማስ ምርጫ ሲያሸንፍ እንደገና ተያዘ፤ ለጋሾቹም አብረው እጃቸውን ሰበሰቡና የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ያለ ደመወዝ ዋለ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ እስራኤል አስተዳደሩ እስራኤል ላሰረቻቸውና ከእሷ ጋር በተነሳው ግጭት ለሞቱ ፍልስጤማውያን ቤተሰብ የሚከፍለውን ያህል ገንዘብ መቁረጥ ጀመረች። አስተዳደሩም "ተቆርጦ ከመጣ አልቀበልም" ብሎ ለወራት የራሱን ገንዘብ እምቢ አለ። የጋዛው ጦርነት ከተነሳበት ከጥቅምት 2023 በኋላ ደግሞ አስተዳደሩ ለጋዛ የሚልከውን ድርሻ መያዝ ተጨመረ። ሠራተኛው ሙሉ ደመወዝ ካየ ግን ከዚያም በፊት ቆይቷል፤ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የሚከፈለው ተቆራርጦ ነው።

አንተ የሒሳብ ሰው ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይገርምሃል። የመብራቱ አብዛኛው ከእስራኤል ነው የሚገዛው። ማዘጋጃ ቤቶችና አከፋፋዮች ከነዋሪው ሰብስበው ሳይከፍሉ ሲቀሩ፣ ዕዳው በቀጥታ ከመቃሳው ላይ ይነሳል። በወሩ መጨረሻ ስንት እንደሚቀነስ የገንዘብ ሚኒስትሩ አስቀድሞ አያውቅም። ገቢህ ሳይታወቅ ወጪ አቅድ ብትባል ምን ትላለህ?

"በሉት ወይ?" ላልከው፣ መበላትም ነበረ እንጂ አልነበረም አልልህም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2003 ባወጣው ሪፖርት ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመንግሥት ገቢ ከበጀቱ ውጭ፣ የያኔው የአስተዳደሩ መሪ ያሲር አራፋት ወደሚያዙበት ሒሳብ ሄዷል ብሏል። አብዛኛው ኢንቨስትመንት ላይ ውሎ ተገኝቷል፤ ቢሆንም በጀት ውስጥ አልነበረም። በ2002 የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ሰላም ፋያድ፣ ራሱ የዚያው ድርጅት ተወካይ የነበረ ሰው ነው፣ የተበታተነውን ገቢ አንድ ካዝና ውስጥ ሰበሰበ። ለጸጥታ ኃይሉ በአለቆቹ እጅ በጥሬው ይታደል የነበረውንም ደመወዝ በባንክ እንዲሆን አደረገ። እኔ ፋያድን አደንቀዋለሁ። ግን ካዝናውን የፈለገውን ያህል ብታጸዳው፣ የሚገባው ገንዘብ ቁልፍ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ወር በመጣ ቁጥር ያው ነው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ከ2008 እስከ 2011 የፍልስጤም ኢኮኖሚ በዓመት 7 እና 8 በመቶ እንዳደገ አነበብኩ። ዕርዳታም ገብቷል፣ ለውጥም ተደርጓል። ታዲያ ምን ሆኖ ቆመ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አስተማሪሽ ቢያነሳው ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከየት መጣ ብለሽ ስትመረምሪው ነው ነገሩ የሚገለጠው።

ታኅሣሥ 2007 ፓሪስ ላይ ለጋሾች ተሰብስበው 7.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። በ2008 ብቻ ለበጀት ድጋፍ ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገባ። ይሄ ከዓመቱ ጠቅላላ ምርት ሩቡን የሚያልፍ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ምን ሆነ? ደመወዝ ሆነ፣ የተወዘፈ ዕዳ ተከፈለበት። ደመወዝ የተከፈለው ሰው ቤት ይሠራል፣ መኪና በብድር ይገዛል፣ ካፌ ይቀመጣል። ራማላ ላይ ሕንጻ በሕንጻ ሆነ። የምርት ቁጥሩም አብሮ ወጣ፣ መንግሥት የሚከፍለው ደመወዝ ራሱ የምርት አካል ሆኖ ይቆጠራላ! እርሻውና ፋብሪካው ግን በዚያ ልክ አልተንቀሳቀሱም፤ በኢኮኖሚው ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከ1994 ጋር ሲነጻጸር ወርዷል። የዓለም ባንክ በዚያው በደጉ ዘመን "ይሄ ዕድገት በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ነው፣ አይዘልቅም" እያለ ይጽፍ ነበር። አልዘለቀም። በ2011 የበጀት ድጋፉ ከ1 ቢሊዮን በታች ወረደ፤ ዕድገቱም ተከትሎት ወረደ።

ሌላም ነገር ተመልከቺ። የዚያን ጊዜው የጋዛ ዕድገት በከፊል ከፍርስራሽ ላይ የተቆጠረ ነው። በ2008 መጨረሻ በተጀመረው ጦርነት የወደመ ቦታ ሲጠገን መቶኛው ይዘላል። እኛም አገር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ በኋላ ቆሞ የነበረ ፋብሪካ ሲከፈት ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ከዜሮ የተነሳ ሁሉ በመቶኛ ትልቅ ነው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ገንዘቡን ወደ ምርት እንቀይረው ቢሉስ የት ላይ? ከዌስት ባንክ፣ ከጋዛ ሌላ ካለው የፍልስጤም ግዛት፣ መሬት 60 በመቶ ገደማ "ሲ ቀጠና" የሚባለው ነው። በ1995ቱ የእስራኤልና የፍልስጤም ስምምነት ሙሉ ቁጥጥሩ ለእስራኤል ተሰጥቷል። ለም የእርሻ መሬት፣ የሙት ባሕር ማዕድን፣ የድንጋይ ካባ ያለው በብዛት እዚያ ነው። አንድ ፍልስጤማዊ እዚያ የዶሮ ቤት ልሥራ ቢል ፈቃድ የሚጠይቀው እስራኤልን ነው፤ ብዙ ጊዜም አያገኝም። የዓለም ባንክ በ2013 ይሄ ክልከላ ቢነሳ የፍልስጤም ምርት በ35 በመቶ ሊጨምር ይችላል ብሎ አስልቷል። ማዳበሪያ እንኳን ለፈንጂ ይውላል ተብሎ የሚከለከል ዓይነት አለው። ሞባይል ላይ ሦስተኛው ትውልድ ኢንተርኔት ዌስት ባንክ የገባው በ2018 ነው፣ የሬዲዮ ሞገዱን የምትፈቅደው እስራኤል ስለሆነች። እኛ በኔትወርክ ስናማርር እነሱ ገና ሲግናሉን እየለመኑ ነበር።

ስለዚህ "ዕርዳታ ዕድገት አያመጣም" ብለሽ ወረቀትሽ ላይ እንዳትጽፊ። ዕርዳታ ፍላጎትን ያሳድጋል። ያንን ፍላጎት የሚያሟላው ዕቃ እዚያው እንዲመረት መሬት፣ መንገድና ወደብ ያስፈልጋል። ሦስቱም በእጃቸው አይደሉም። ገንዘቡ ገብቶ ዕቃ ይገዛል፤ ዕቃው ደግሞ አብዛኛው ከእስራኤል ወይም በእስራኤል በኩል ስለሆነ ተመልሶ ይወጣል። የእስራኤል አስመጪ ለራሱ ገበያ አስመጥቶ ለፍልስጤም የሚሸጠው ዕቃማ ቀረጡም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ገንዘብ አትመው ለምን አይገላገሉም? (ነጋዴ ነኝ፣ ከባቲ)

መልስ፦ ሐጂ፣ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የገንዘብ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት በ1994 አቋቁመዋል፤ ባንኮችን ይቆጣጠራል እንጂ ገንዘብ አያትምም። ገበያው የሚሠራው በእስራኤል ሸቀል፣ በዮርዳኖስ ዲናርና በዶላር ነው። እርስዎ እንደሚሉት ቢታተም ኖሮ ደመወዙ በወረቀት ይከፈል ነበር፤ ነገር ግን ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚገባ አገር ላይ ያ ወረቀት ስንት ቀን ይከበር ነበር? እኛ ማተም እንችላለን፣ ማተማችን ደግሞ በርበሬና ዘይት ላይ ምን እንዳደረገ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

ማተም ስለማይችል አስተዳደሩ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። ከአገር ውስጥ ባንኮች ይበደራል። ከዚያ ደግሞ ሳይከፍል ይቆያል፤ ለመድኃኒት አቅራቢው፣ ለተቋራጩ፣ ለጡረታ ፈንዱ። መድኃኒት አቅራቢው ሲሰለቸው መላክ ያቆማል፤ ሆስፒታሉ ባዶ ይሆናል። አላህ ያግዛቸው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እኛ ወሎዎች በድርቅ ዘመን በዕርዳታ ስንዴ ስማችን ስለተነሳ፣ ዕርዳታ ሲባል ያሸማቅቀኛል። ለመሆኑ ዕርዳታ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል? የኛስ ከፍልስጤም በምን ይለያል? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ያ ስንዴ ነፍስ አትርፏል፤ የሚያሸማቅቅ ነገር የለውም። የረሀብ ቀን የሚመጣ እህልና ለመንግሥት በጀት የሚሰጥ ገንዘብ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ፍልስጤምም ውስጥ ሁለቱም አሉ። ከ1949 ጀምሮ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያስተዳድራል፤ የበጀት ድጋፉ ደግሞ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ነው የሚሄደው። አደገኛው ሁለተኛው ነው፣ ደመወዝ ስለሚከፈልበት። ደመወዝ አንዴ ከጨመርሽው አይቀነስም፤ ዕርዳታ ግን በአንድ ምርጫ ማግስት ይቀነሳል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ምርጫ 97 የምንለው በ2005 ሲካሄድና ደም ሲፈስ ለጋሾች ለኢትዮጵያ በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በ2006 ግን ገንዘቡ ስሙን ቀይሮ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተብሎ፣ ለመምህሩና ለጤና ሠራተኛው በወረዳ በኩል ተመልሶ መጣ። ሴፍቲኔትም በዚያው በ2005 የተጀመረ ነው። በዚያ ሁሉ መሐል ገቢዎች መሥሪያ ቤታችን ሥራ ላይ ነበር፤ የራሳችንን ቀረጥ የያዘብን የለም። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው። ፍልስጤምን በ2006 ያየሽ እንደሆነ ዕርዳታውም ቀረጡም በአንድ ሰሞን ቆመ፤ ሁለቱም ቧንቧ ከውጭ የሚዘጋ ስለሆነ ማለት ነው።

ደግሞ አሁን ፍልስጤም "በዕርዳታ የምትኖር" የሚባለው ነገር እያረጀ ነው። የበጀት ድጋፉ በ2008 ከምርቷ ሩቡን ያልፍ የነበረው፣ ከ2020 በኋላ ባሉት ዓመታት 2 በመቶ እንኳን የማይሞላበት ጊዜ ነበር። የዓረብ ወንድሞቿም ቀንሰዋል፤ አሜሪካም በ2018 ቆርጣለች። ወጪው ግን የዱሮው ነው። ለእኔ የሚከብደኝ ይሄኛው ነው፤ ዕርዳታው ሄዶ የዕርዳታ ዘመን የደመወዝ መዝገብ መቅረቱ።

ጥያቄ፦ ከሐርቡና ከአካባቢው የማይሄድ የለም፤ ቤት የሚሠራው ዓረብ አገር ባለች ልጅ ነው። እነሱስ ሰው ውጭ ሠርቶ አያመጣም? (ከሐርቡ)

መልስ፦ ያመጣል፣ ያመጣ ነበር ማለት ይሻላል። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ከዌስት ባንክ ከ100,000 በላይ ሰው እስራኤልና ዌስት ባንክ ላይ ባሉት የእስራኤል ሰፈራዎች ውስጥ ይሠራ ነበር፣ በብዛት ግንባታ ላይ። የቀን ክፍያው እዚያው ዌስት ባንክ ከሚገኘው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ጥቅምት 2023 ላይ ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ተሰረዘና አብዛኛው ቤቱ ቀረ። በ2013 ሳውዲ ከ150,000 በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ሐርቡ ምን እንደሆነች ታስታውሳላችሁ፤ ሱቁም፣ ጅምር ቤቱም፣ የዱቤ ደብተሩም ቆመ።

የእነሱ ከኛ የሚብሰው በጀታቸውንም ስለሚነካ ነው። ሠራተኛው የሚያመጣው ሸቀል ገበያ ላይ ሲወጣ ዕቃ ያስገባል፤ የገባው ዕቃ ቀረጥና ቫት ያስከፍላል፤ ቀረጡ መቃሳ ሆኖ ደመወዝ ይሆናል። ሠራተኛው ቤቱ ሲውል የሚገባው ዕቃ ይቀንሳል፤ እስራኤል አንዲት ሸቀል እንኳን ባትይዝ የሚላከው ገንዘብ አስቀድሞ አንሷል። ከዚያ ካነሰው ላይ ነው የጋዛው፣ የመብራቱና የእስረኞቹ ተቆርጦ የቀረው ለመምህሩ የሚደርሰው።