ስለ ጋሞ ዱቡሻ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዱቡሻ በሚባለው የስብሰባ አደባባይ ላይ የሚወስኑት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በጋሞ ደጋ እያንዳንዱ ደሬ፣ ማለትም ራሱን የሚያስተዳድረው አካባቢ፣ የሚሰበሰብበት አደባባይ አለው። ጉዳይ ያለው ቆሞ ይናገራል፤ እስኪጨርስ አይቋረጥም። ድምፅ አይቆጠርም። ካልተስማሙ ለሌላ ቀን ይቀጣጠራሉ። ለቸኮለ ሰው አሰልቺ ነው፤ የተሸናፊ ቂም ግን አያተርፍም።

ጥያቄ፦ ሀላቃ የሚባለው ሹም ታዲያ ባላባት ነው?

መልስ፦ በዘር የሚወረሰው የካዎ፣ ማለትም የባህላዊው ንጉሥ፣ ማዕረግ ነው። ሀላቃ ግን ተመርጦ የሚሾም፣ ጊዜው ሲያበቃ የሚወርድ ነው። ሹመቱ ያስደግሰዋል እንጂ አያበለጽገውም። በዶርዜ የመስቀል ሰሞን የሰጎን ላባ ራሱ ላይ ሰክቶ ገበያውን ሲዞር ያየ ሰው ንጉሥ ሊመስለው ይችላል፤ ያ ሁሉ ክብር ግን ጎተራው ከተራቆተ በኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በ2011 አርባ ምንጭ ላይ ሣር ይዘው የተንበረከኩት ሽማግሌዎች ወጣቶቹን እንዴት አስቆሙ?

መልስ፦ አዲስ አበባ አጠገብ ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ ለበቀል የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ለምለም ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ረግጦ ማለፍ ጎሜ፣ ማለትም የተከለከለ ነውር፣ ነው፤ ጦሱ ለዘር ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ስለ ዴሞክራሲው ይወራል። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂውስ?

መልስ፦ ጎሽ፣ ይህን ነበር የምጠብቀው። ሙሉ የአደባባይ መብት የነበረው ማላ የሚባለው ወገን ነው። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች፣ ዝርዝሩ ከደሬ ደሬ ቢለያይም፣ በጋብቻም በመቃብርም ተለይተው ኖረዋል። የማላው ማረሻ ከእነርሱ እጅ የወጣ ነው፤ እንስራውም እንዲሁ። በብዙ ቦታ ጥሩንባ ነፍቶ ሕዝቡን ወደ ስብሰባ የሚጠራው ከእነርሱ ወገን ነው፤ በጠራው ስብሰባ ላይ ግን አፍ አልነበረውም። ይህን «ባህላችን ነው» ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ጋብቻን ግን አዋጅ አይደርስበትም። ዛሬም አንዳንዱ ማላ ከደጋላ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ተምሮ፣ ለእህቱ ባልነት ሲታጭ ግን ይሸሻል። ጎሜው ይመጣብናል ይላሉ። እንግዲህ ጎሜን የሚያነጻውን የእርቅ ሥርዓት የሚፈጽሙት ራሳቸው ሽማግሌዎች አይደሉም? ይህ ጎሜ አይደለም ብለው በአደባባይ ቢናገሩ ከካድሬ ስብከት ይልቅ የሚሰማው እነርሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ?

መልስ፦ በአብዛኛው አደባባዩ የወንዶች ነበር። ቤት ውስጥ ይመክራሉ የሚለው ማስተባበያ አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ የዱቡሻ ውሳኔ በሕግ ይጸናል?

መልስ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ብቻ። የወንጀል ክስ የመንግሥት ነው። ነፍስ ከጠፋ ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሁለቱን ቤተሰብ ደም የሚያደርቁት ግን ሽማግሌዎች ናቸው። ደጋላው ከሳሽ ሲሆን «ተስማምቷል» የሚለው ቃል በእርግጥ ከልቡ መሆኑን ግን ዳኛው አጥብቆ ይጠይቅ።