ረጅሙን ቃል ሰባብራችሁ አንብቡት

ልጆች፣ ጅማ ውስጥ በነርስነት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ለልምምድ ዋርድ የሚመጡ ተማሪዎችን ሳይ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃል ሌሊቱን ሲሸመድዱ አድረው ይመጣሉ፤ ጠዋት ሲጠየቁ ግማሹ የለም። ሽምደዳው ይቅርባችሁ። ቃሉን ሰባብሩት።

በ«አይ ቲ አይ ኤስ» የሚያልቁትን ውሰዱ። ጋስትራይተስ፣ ሄፓታይተስ፣ አርትራይተስ። መጨረሻቸው ከግሪክ የመጣ ነው፣ በሕክምና ብግነት ማለት ነው፤ እናቶቻችን «ተቆጣ» የሚሉት። መነሻው ደግሞ የተቆጣውን አካል ይነግራችኋል፦ ጋስትር ጨጓራ፣ ሄፓት ጉበት፣ አርትር መገጣጠሚያ። ነፍር ኩላሊት መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ካርድ ላይ ነፍራይተስ ቢያይ ማንንም አይጠይቅም። ከማና ወይም ከሰቃ የመጡ አባት ካርዳቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ምን ይላል?» ሲሏችሁም «ኩላሊትዎ ተቆጥቷል» ማለት ትችላላችሁ።

ግን ልብ በሉ። ብግነት ሁሉ ከጀርም አይመጣም። አልኮልም ጉበትን ያስቆጣል፣ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ሕመምም አለ። ቃሉ ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ «አይተስ» ባያችሁ ቁጥር አንቲባዮቲክ አታስቡ።

ደግሞ ፊደሉ አንድ ሆኖ ዘሩ የሚለያይም አለ። ፔዳልና ፔዲኪዩር ውስጥ ያለው «ፔድ» የላቲን ነው፣ እግር ማለት ነው። ፔዲያትሪክስ ላይ ያለው ግን የግሪክ ነው፣ ልጅ ማለት ነው። ኦርቶፔዲክስን፣ ማለትም የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምናን፣ ብዙ ሰው የእግር ሕክምና ይመስለዋል። ቃሉን ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ ነው፣ በ1741 እ.ኤ.አ.፤ ያሰበውም የልጆችን አካል ማቃናት ነበር። «ኦርቶ» ቀጥ ያለ ማለት ነውና። ኦርቶዶክስ የሚለውም ከዚሁ ነው፣ ርትዕት እምነት እንደምንለው። እኔ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል የአጥንት ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ስለዚህ ከመገመታችሁ በፊት መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ ስልካችሁ ላይ አለላችሁ።

ከሁሉም በላይ የምፈራላችሁ «ሃይፐር» እና «ሃይፖ» ናቸው። አንዱ በላይ፣ ሌላው በታች ነው። ሃይፖግላይሴሚያን ስትሰብሩት በታች፣ ስኳር፣ ደም ይላችኋል፤ የደም ስኳር ወርዷል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ስኳር ይሰጠዋል። ከፍ ያለበት ደግሞ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ተቀያየረ ማለት ሰው ሞተ ማለት ሊሆን ይችላል። ተረኛ ስትቀያየሩ፣ በተለይ በስልክ ከሆነ፣ ቃሉን ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ስኳሩ 54 ነው፣ ወርዷል» በሉና ሰሚው ቁጥሩን መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ለአስታማሚውም በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ወረደ ወይስ ወጣ የሚለውን ለይታችሁ ንገሩት።