ጥያቄና መልስ፦ ያልተለካ ወንዝ

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» የተባለው በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መጣብን፤ ተመራማሪዎቹ ዋሽተው ነው ወይ? ይላሉ አንድ አንባቢ።

አልዋሹም። እንዲህ ያለው ጎርፍ በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለታቸው ነው። በዚያው ስፍራ 30 ዓመት የሚኖር ሰው ቢያንስ አንዴ የሚገጥመው ዕድል 26 በመቶ ያህል ይሆናል። የዝናብና የወንዝ መዝገቡ አጭር በሆነበት አገር ደግሞ ስሌቱ ራሱ አያስተማምንም።

ደራሽ ጎርፍና የወንዝ ሙላት አንድ ናቸው? ለሚሉት፦ አይደሉም፤ ደራሹ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆኑ አንባቢ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መለኪያ በሌለበት ወንዝ ላይ ጎርፍ መተንበይ ከቻለ፣ የመለኪያ ጣቢያ ከእንግዲህ ምን ይሠራል? ብለዋል። ይህ ጥያቄ በጀት መዳቢ እጅ ከገባ ጣቢያ ያዘጋልና አያልፈኝም። በ2024 እ.ኤ.አ. የጉግል ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት እውነትም ትልቅ ሥራ ነው። መለኪያ በሌላቸው ተፋሰሶች እስከ አምስት ቀን አስቀድሞ የሚሰጠው ትንበያቸው፣ ነባሩ ዓለም አቀፍ የጎርፍ ትንበያ ሥርዓት ለዕለቱ ከሚሰጠው በአስተማማኝነቱ አያንስም። ታዲያ ትንበያውን የሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ሞዴሉ፣ ከምን ተማረ? ከ5,680 የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ! መዝገቡ ደግሞ በብዛት ያለው በሀብታሞቹ አገሮች ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ስሌት እንደሚያሳየው፣ ለመቶ ዓመቱ ጎርፍ ከተጋለጠው 1.81 ቢሊዮን ሕዝብ 89 በመቶው የሚኖረው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አደጋው በበዛበት መለኪያው ያንሳል ማለት ነው። ትንበያው በዚያ ስፍራ መሳት አለመሳቱንስ ያለ መለኪያ በምን ያረጋግጡታል? የራዳር ሳተላይት ደመናን አልፎ ያያል፤ ሆኖም በቀናት ልዩነት ስለሚመላለስ ፈጥኖ የሚመጣ ፈጥኖም የሚሄድ ውኃ ያመልጠዋል። ሞዴሉን ይማሩት፤ ደግሞም በየመሥሪያ ቤቱ አቧራ የለበሱትን የወንዝ ከፍታ መመዝገቢያ ደብተሮች ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የመመረቂያ ጥናት ቢሠሩ ከእርስዎ በኋላ የሚመጡ ሁሉ ይጠቀሙበታል። የርዕሱን ዝርዝር ከአማካሪዎ ጋር ይጨርሱት።

የመጨረሻው ጠያቂ፣ በዓለም አቀፍ የጎርፍ ካርታ ላይ ቦታዬ ከአደጋ ውጪ ነውና ቤት ልሥራበት? ይላሉ። በዚያ ብቻ ተማምነው? በፍጹም! ብዙዎቹ ካርታዎች መሠረታቸው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተወሰደ የከፍታ ልኬት ነው። ያ ልኬት ቤትና ዛፍ በበዛበት ስፍራ ጣሪያውንና የዛፉን አናት ከመሬቱ ጋር ስለሚቀላቅል በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ቤት ውስጥ ለሚገባ ውኃ ግን ግማሽ ሜትር ብዙ ነው። የቅየሳና የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥተው ሳያዩት መሠረት እንዳያስቆፍሩ አደራ እላለሁ። ባለሙያዎቹ ሲመጡም በአካባቢው ረጅም ዘመን የኖሩ ሰዎች ውኃው የት ድረስ ወጥቶ እንደነበር እንዲያሳዩአቸው ያድርጉ።