ሐኪምዎን ይጠይቁ (ኅዳር 2013 ዓ.ም.)፦ «ኦ-ክላስ ልላካት ወይስ ትቅርብኝ?»

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ስድስት ዓመቷን የያዘች ሴት ልጅና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሴቷን መንግሥት ትምህርት ቤት ኦ-ክላስ (የአንደኛ ክፍል መሰናዶ) አስመዝግቤያታለሁ። ርእሰ መምህሩ ግን አንዴ ‹ትላልቆቹ ይቅደሙ፣ ለትንንሾቹ ገና ነው› ይሉኛል፣ በሳምንቱ ደግሞ ‹ሰኞ ይዘሻት ነይ› ይላሉ። የኔም ልብ ሁለት ሆኗል። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፣ ልጅቷም የምትተኛው ከእሷ ጋር ነው። ኮሮናውን ከትምህርት ቤት ይዛብን ብትመጣስ? እናቴ በሽታውን ፈርታ ከመጋቢት ጀምሮ ለክትትል አልሄደችም። መድኃኒቱ እንዳያልቅባትም አንድ ቀን እየዘለለች ነው የምትውጠው። ልጅቷ ሰሞኑን ትንሽ ታስላለች። ከታናሽ ወንድሟ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጥቻት ሻል ብሏታል። እናቴ ግን ‹እንጥሏ ወርዶ ነው፣ ትምህርት ሳትጀምር እናስቆርጣት› ብላ ይዛኛለች። ምን ይሉኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ስደግመው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። «ልጄን ልኬ እናቴን ብገድላትስ?» ነው ያሉኝ። እንዲህ ብለው አልጻፉትም፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን እሱ ነው።

እስኪ መጀመሪያ ልብዎን ላሳርፈው። እስከ ዛሬ ባየነው ሕፃናት ኮሮና ሲይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉንፋን ቀለል ብሎ ያልፋቸዋል። ለልጅቱ ብለው አይሸበሩ። ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን ይችላሉ፣ አልዋሽዎትም። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ገበያ የሚወጣው ማን ነው? ባለፈው ወር ስንት ለቅሶ ደረሱ? ማኅበር፣ ተዝካር፣ በሰው የታጨቀ ሚኒባስስ? ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ወዲህ ስምንት ወር ሞላው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ ቤት ናት፤ ወጥተን የምንገባው እኛ ትልልቆቹ ነን። በሽታው እናትዎ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ብዙ ነው። ኦ-ክላስ ከመንገዶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው በር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እምዬን ታስይዣታለሽ» እያሉ ልጅቷን አያስፈራሯት። አሮጊቷ ነገ በሌላ በሽታ ቢያርፉ እንኳ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የገደልኳቸው እኔ ነኝ እያለች ትኖራለች። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን መሸከም የለባትም። እርስዎም የለብዎትም።

ስለዚህ ኦ-ክላሱ ከተከፈተ ይላኳት። ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ባላት ቀን ትቅር። ርእሰ መምህሩንም አይቀየሟቸው፤ እሳቸውም ከበላይ የሚነገራቸውን ነው የሚጠብቁት። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ቅድሚያው ለትላልቆቹ ነበር። ኦ-ክላሱ እስኪከፈት ሄደው ክፍሉን በዓይንዎ ይዩት። መስኮቱ ይከፈታል? እጅ መታጠቢያ ውሃ አለ? ልጆቹን በፈረቃ ከፋፍለዋቸዋል ወይስ እንደ ድሮው አንድ አግዳሚ ላይ አምስት ሆነው ነው? መስኮቱ የተቸነከረና ልጆች የታጨቁበት ክፍል ከሆነ ለሌሎች ወላጆች ነግረው አብረው ይጠይቁ፣ እስኪስተካከልም ትቆይ። ትንሽ ብትዘገይ ሀ ሁን እርስዎ ቤት ያስቆጥሯታል፣ ዓለም አይጠፋም። ማስክ ካስደረጓት ስሟን ይጻፉበት። ልጆች ማስክ እንደ ብይ ሲለዋወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መኝታቸውን ይለዩ። ይህ ከማስኩ ይበልጣል። ልጅቷ እንደምታለቅስ አውቃለሁ፣ አያትየውም ቅር ይላቸዋል፤ ይሁን። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እጇን በሳሙና ታጥባ ትግባ። ሰላምታው ጉልበት መሳም ይሁንላቸው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይቅር። (የአባቶቻችን ጉልበት መሳም እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ማን ገመተ?) ጉርሻው ለጊዜው ይብቃ። ቀን ቀን በርና መስኮት ይከፈት።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ከመጋቢት እስከ ኅዳር ክትትል የለም? መድኃኒቱም አንድ ቀን እየተዘለለ? እህቴ፣ እናትዎን ከኮሮና ሲጠብቋቸው ደም ግፊቱ በጓሮ በር ገብቷል። የግፊት መድኃኒት በቁጠባ አይዋጥም። በየቀኑ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። በዘለሉት ቀን ግፊቱ ይወጣል፣ በዋጡበት ቀን ይወርዳል፣ በመሃል የሚጎዱት አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ናቸው። እሳቸው ምንም ሕመም አይሰማቸው ይሆናል። ደም ግፊት እንዲህ ነው፣ ድምፅ የለውም። አንድ ቀን ጧት አፋቸው ተጣሞ፣ አንድ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ሲነሱ ግን ማስክ አያድንም። ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ ላይ ግፊት ሲጨመር፣ ኮሮና ቢይዛቸው ሊበረታባቸው ይችላል። «ሆስፒታል በሽታ አለ» ይላሉ፤ አለ። ግን ማስክ አድርገው፣ በጧት ሄደው፣ ራቅ ብለው ተቀምጠው ተለክተው ይመለሳሉ። መድኃኒቱንም የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲሰጧቸው ይጠይቁላቸው። ሰኞ ይውሰዷቸው። «ከገና በኋላ» እንዳይሉኝ።

አሁን ወደ እንጥሉ። ደብዳቤዎ ላይ በመጨረሻ፣ በአንድ መስመር ያለፉት እሱ ነው። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝም እሱ ነው።

እኔ ራሴ የጎጃም ልጅ ነኝ። አፌን ከፍተው ቢያዩኝ እንጥል አያገኙም። ሕፃን ሳለሁ አያቴ ናት ያስቆረጠችኝ። አልወቅሳትም፤ ልጅ ሲያስል ማየት ጭንቅ ነው፣ በሰፈሯ የነበረው መፍትሔም እሱ ነበር። ግን እስከ ዛሬ ክረምት በገባ ቁጥር አስላለሁ። እንጥል ማስቆረጥ ሳልን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ እኔ ምስክር በሆንኩ ነበር።

እንጥል በጉሮሮ መግቢያ ላይ ተንጠልጥላ የምትታየው ቁራጭ ሥጋ ናት። ስንውጥ ምግብና ውሃ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆና ታግዛለች፣ ጉሮሮንም ታረጥባለች። ጉንፋን ሲይዘን ጉሮሮ በሙሉ ይቀላል፣ ያብጣል። እንጥልም የጉሮሮ ሥጋ ናትና አብራ ታብጣለች፣ ረዘም ብላ ትታያለች። «ወረደ» የሚባለው ይኼው ነው። ሳሉ ነው እንጥሏን ያሳበጣት፤ ሳሉን ያመጣችው እሷ አይደለችም። ጣታችን ሲመታ ያብጣል፤ ጣት እንቆርጣለን እንዴ?

«የእገሌ ልጅ ግን ተቆርጦ ዳነ» ይሉኛል። አዎ ዳነ። ጉንፋን እኮ በሳምንት በአሥር ቀን ራሱ ይድናል። ሰዎች ቆራጭ ዘንድ የሚሄዱት ደግሞ ሳሉ ከበረታ በኋላ፣ በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ነው። እንግዲህ ሊድን በር ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። የእርስዎ አሞክሳሲሊንም እንዲሁ ነው ያመሰገኑት፣ እሱን እመለስበታለሁ።

አደጋውን ልንገርዎት። የልጅዎ ዕድሜ ያለች ልጅ 18 ኪሎ ብትመዝን በሰውነቷ ያለው ደም በሙሉ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም። ጉሮሮ ሲቆረጥ ደሙ ወደ ውጭ አይፈስም፤ ልጅ ይውጠዋል። እናት «ቆመላት» ብላ ታስተኛታለች። ሌሊት ልጅቷ ደጋግማ ትውጣለች፣ ትገረጣለች፣ ከዚያ ቡና አተላ የመሰለ ታስመልሳለች። እኛ ዘንድ የሚደርሱት እጃቸው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከደሙ የተረፈች ልጅም ቁስሉ ሊያመረቅዝባት፣ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ሊይዛት ይችላል። ምላጩ ከእሷ በፊት ማንን እንደቆረጠ አይታወቅም፤ ኤች.አይ.ቪም በዚህ መንገድ ይተላለፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነተኛ የሳንባ ምች ያለበት ልጅ «እንጥሉ ተቆርጧል፣ ይሻለዋል» እየተባለ ሦስት ቀን ቤት መዋሉ ነው።

በጥፍር ቧጥጦ «ቶንሲል ማፍረጥ» የሚባለውም ያው ነው፣ ልዩነት የለውም።

እና እርስዎ የሚፈሩት ኮሮናን አይደለም? እስኪ ያስቡት። መምህሯ ከልጅዎ ሁለት እርምጃ ርቃ ስትቆም ይሰጋሉ። እዚህ ግን የሰፈሩን ልጆች ጉሮሮ ሁሉ የነካ ጣት፣ ያለ ጓንት፣ ልጅዎ አፍ ውስጥ ሊገባ ነው። ልጅቷም የቆራጩ ፊት ላይ እያሳለች። ኮሮናን ፈልጎ ለመሸመት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እናትዎን ግን በክርክር አያሸንፏቸውም። እኔም የራሴን አያት አላሸነፍኳትም። ይልቅ የማያስል የጎረቤት ልጅ ይጥሩ፣ በስልክዎ መብራት አፉን ከፍተው እንዲያዩ ያድርጓቸው። እንጥል እሱም ጋ ተንጠልጥላለች። ከዚያ «እናቴ፣ አንድ ሳምንት እንጠብቅ፣ ማርና ለብ ያለ ሻይ እየሰጠናት» ይበሏቸው። በሳምንቱ እንጥሏም ትመለሳለች። አሁንም ገመድ ካጠበቁብዎት፣ «ሐኪሙ እምቢ ብሏል» ብለው እኔ ላይ ያላክኩት። ክፉ መባሉን ለምጄዋለሁ።

አሞክሳሲሊኑ። ይድፉት። ሽሮፑ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት እንጂ አይቆይም። ልኩም የተሰፈረው ለሁለት ዓመቱ ልጅ ነው። ጉንፋንም ኮሮናም በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፣ እሱ አይነካቸውም። ሻል ያላት በራሷ ጊዜ ነው። እንዲህ በየሳሉ ስንሰጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ የምር የሳንባ ምች ሲመጣ አይሠራልንም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ቤት ማስቀመጥ ራሱ ጥፋት ነው። ስንት ጊዜ ነው የምንናገረው?

«ትንሽ ታስላለች» ላሉት፣ እየተጫወተችና እየበላች ከሆነ አያስጨንቅዎት። የሚታየው ደረቷ ነው። ስትረጋጋ ልብሷን ገልጠው ይመልከቱ፦ አየር ስትስብ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ከደከመችና አልነቃ ካለች፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ትንሹም ቢያስል በስልክዎ ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ በሱ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ያው ነው፣ አይጠብቁ። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘው ወይም ማሽተት ካቆመ ደግሞ በ8335 በነፃ ይደውሉ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ኅዳር 12 ደርሷል፣ ሰፈሩ ሊታጠን ነው። ይህ ልማድ የመጣው በ1911 ዓ.ም. አገሩን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። እሱም ወረርሽኝ ነበር፤ ኢንፍሉዌንዛ የሚባል ቫይረስ ያመጣው። አያቶቻችን ጠላታቸውን በዓይናቸው ሳያዩት ቆሻሻውን አንድ ላይ ሰብስበው ማቃጠላቸውን እወድላቸዋለሁ። ጭሱ ግን ኮሮናን አያባርርም፣ የሚያስል ልጅ ደረትም ይዘጋል። የዚያን ቀን ጧት ልጆቹንና እናትዎን ከእሳቱ ራቅ ያድርጓቸው፤ ላስቲክም አብራችሁ አታቃጥሉ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የእናትዎን የግፊት ቁጥር፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ በወረቀት ያስጽፉና ይላኩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ከመክፈቴ በፊት የእርስዎን ነው የማየው።